የገበሬ ወይን ወይስ የፋብሪካ ወይን? ሌብሉንም ብርጭቆውንም እንዴት እናንብብ?

ጥያቄ፦ ማይን ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ያለሁት ፍራንክፈርት ነው። ሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ 3 ዩሮ የሚሸጥ ሪዝሊንግ ከሚባለው ዝርያ የተጠመቀ ነጭ ወይን ጠጅ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ከራሱ ማሳ ለቅሞ የጠመቀው ነው የተባለ በ10 ዩሮ ይሸጣል። ሁለቱም ጠርሙሶች ላይ የወይን ዘለላና ያረጀ የድንጋይ ቤት ተስሏል፤ ሥዕሉን አይቶ መለየት አይቻልም።

መጠየቅ የምፈልገው፦ ሳልከፍተው የእውነት የገበሬ ወይን መሆኑን በምን አውቃለሁ? የ7 ዩሮው ልዩነት ምን ላይ ይውላል? ስቀምሰውስ ውድ ነው ብዬ ስላሰብኩ ብቻ እንዳይጣፍጠኝ ምን ላድርግ? ለበዓል ከዶሮ ወጥ ጋር ማቅረብ ስለምፈልግ በዚያም በኩል የምታውቁትን ጨምሩልኝ።

መልስ፦ ጓዳ ጠባቂ

«ትንሽ እርሻ» የሚለው ቃል በሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም፤ ማንም ሌብል ላይ ሊጽፈው ይችላል። ትርጉም ያለው ነገር የወይኑን ተክል ማን አለማው፣ ማን ጠመቀው፣ ማን ጠርሙስ ውስጥ ከተተው የሚለው ነው። ሦስቱም አንድ እጅ ከሆኑ የገበሬ ወይን ነው። ይህን ደግሞ ሕጉ ራሱ ሌብል ላይ ያስጽፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው በኩል በትናንሽ ፊደል ነው።

ጀርመን ውስጥ የምትፈልገው ቃል «ጉትስአብፊሉንግ» ነው። ይህን ለመጻፍ ወይኑ ጠማቂው ራሱ ከሚያለማው ማሳ መምጣት አለበት፤ ጠመቃውን የሚመራው ሰውም የሙያ ሥልጠና ያለው መሆን አለበት። «ኤርትሶይገርአብፊሉንግ» ካለ አምራቹ ነው ያሸገው ማለት ነው፤ ነገር ግን ይህንን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርም ይጽፈዋል። «አብፊለር» ብቻ ካለ ስሙ የተጻፈው ድርጅት ያሸገው ነው እንጂ ያለማው አይደለም። ወይኑን ከብዙ ቦታ በቦቴ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። የ3 ዩሮውን ጠርሙስ ብታዞረው የምታገኘው ይህንኑ ቃል ሳይሆን አይቀርም።

ሌላው ፍንጭ ኤፒ የሚባለው የመንግሥት ምርመራ ቁጥር ነው። የመጨረሻው ክፍል የተመረመረበት ዓመት ሲሆን ከእሱ በፊት ያለው አሻጊው በዚያ ዓመት ለምርመራ ያቀረበው ወይን ተራ ቁጥር ነው። 7 ወይም 12 የሚል ከሆነ ቤቱ በዓመት ጥቂት ወይን ብቻ ያሽጋል ማለት ነው፤ ቁጥሩ መቶዎች ውስጥ ከገባ ትልቅ ማሸጊያ ነው። ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አድርገህ ስታየው ወዲያው ይታይሃል።

ፈረንሳይ ላይ «ሚዝ ኦን ቡቴይ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቃል ተመልከት። «ኦ ዶሜን» ወይም «ኦ ሻቶ» ካለ እዚያው እርሻው ላይ ታሽጓል። «አ ላ ፕሮፕሪዬቴ» የሚለው ግን ላላ ያለ ነው፤ ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ይጠቀሙበታል። አድራሻው ላይ ያለውን የፖስታ ቁጥር ከወይኑ አገር ጋር አመሳክረው፦ 33 የቦርዶ፣ 21 የቡርጎኝ እምብርት የሆነው ኮት ዶር፣ 51 የሻምፓኝ ማርን ነው። ሌብሉ ቡርጎኝ እያለ አሻጊው ከዚያ ውጭ ከሆነ ወይኑ ተጉዟል። ለሻምፓኝ ደግሞ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። አር ኤም ከሆነ ገበሬው ከራሱ ወይን ራሱ ያዘጋጀው ነው፤ ከውጭ መግዛት የሚፈቀድለት 5 በመቶ ብቻ ነው። ኤን ኤም ወይን እየገዛ የሚጠምቅ የንግድ ቤት፣ ሲ ኤም ኅብረት ሥራ፣ ኤም ኤ ደግሞ ሌላው ያዘጋጀውን በራሱ ስም የሚሸጥ ነው።

ኅብረት ሥራ ማኅበር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ጣሊያን ውስጥ በ1958 የተመሠረተው ፕሮዱቶሪ ዴል ባርባሬስኮ የገበሬዎች ማኅበር ነው፤ ከየማሳው የተለቀመውን ለየብቻ እያሸገ ብዙ የግል ቤቶች የማይደርሱበት ወይን ያወጣል። መለኪያው እጁ የታወቀ መሆኑ ነው። ጠላና ጠጅ የጠመቀ ቤት ይህን ያውቀዋል፤ የጠጁን ማር ከየት እንደመጣ የማትነግርህ ጠማቂ ስኳር መጨመሯን ትጠረጥራለህ።

መልስ፦ ዳገት ላይ

የ7 ዩሮውን ነገር እኔ ልውሰደው። ጀርመን ውስጥ ተራ ወይን ላይ ልዩ የመጠጥ ቀረጥ የለም፤ ያለው 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ከ3 ዩሮው 48 ሳንቲም ያህል፣ ከ10 ዩሮው 1.60 ያህል ለመንግሥት ይሄዳል። ከቀሪው ላይ ጠርሙሱ፣ መክደኛው፣ ሌብሉ፣ ካርቶኑ፣ ማጓጓዣውና የሱቁ ትርፍ ይወጣል። ከሱቁ ትርፍ በቀር እነዚህ ወጪዎች የ3 ዩሮም ሆነ የ10 ዩሮ ጠርሙስ ላይ ብዙም አይለያዩም። ስለዚህ በ3 ዩሮው ውስጥ ለወይኑ ለራሱ የሚተርፈው ሳንቲም ነው። ዋጋው ከፍ ሲል ግን የሚጨመረው አብዛኛው ወደ ማሳው ይወርዳል።

ማሳው ላይ የሚወስነው የምርቱ መጠን ነው። ሞዝል በሚባለው የጀርመን የወይን አገር ሕጉ ከአንድ ሄክታር እስከ 125 ሄክቶሊትር (አንዱ 100 ሊትር ነው) ይፈቅዳል፤ ይህ 16,600 ጠርሙስ ያህል ነው። «ግሮሰስ ጌቬክስ» የሚባለው፣ ቪ ዲ ፒ የተባለው የጀርመን ወይን ጠማቂ ቤቶች ማኅበር ከፍተኛ ደረጃ ግን 50 ሄክቶሊትር ላይ ያቆማል፤ 6,600 ጠርሙስ ገደማ ማለት ነው። አንድ ተክል ቅጠሉ የሚሠራው ስኳር የተወሰነ ነው፤ ዘለላው ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ወይኑም ውሃ ውሃ ይላል። ጥሩ ገበሬ በክረምት ሲገርዝ እንቡጡን ይቀንሳል፤ በበጋ ደግሞ ገና አረንጓዴ የሆነውን ዘለላ ቆርጦ መሬት ላይ ይጥላል። የጣለው ሁሉ የማይሸጠው ወይን ነው።

ሁለተኛው ጉልበት ነው። ብሬመር ካልሞንት የሚባለው የሞዝል ዳገት እስከ 65 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ተራ ትራክተር አይወጣበትም። እንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ አንድ ሄክታር በዓመት ከ1,000 ሰዓት በላይ የእጅ ሥራ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ መልቀሚያ ማሽን የሚገባበት ማሳ ከዚያ በትንሹ ክፍል ያልቃል፤ ማሽኑ ግን የበሰለውን ከበሰበሰው አይለይም። በእጅ የሚለቅም ሰው አንዱን ማሳ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የደረሰውን ብቻ ያነሣል።

ጓዳ ውስጥ ያለው ልዩነት የሚመጣው ከዓላማው ነው። ትልቅ ማሸጊያ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጣዕም ማቅረብ አለበት፤ ደንበኛው የሚገዛው ያንን ነው። ስለዚህ ከብዙ ቦታ የመጣውን ያዋህዳል፣ የሚፈልገውን ሽታ የሚሰጥ የተመረጠ እርሾ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱን ለማለዘብ ከማሸጉ በፊት ያልፈላ የወይን ጭማቂ ይጨምርበታል፤ ቀዩ ላይ በርሜል ከመግዛት ኦክ የሚባለውን እንጨት ቁርጥራጭ ጋን ውስጥ ይዘፈዝፋል። በመጨረሻ ምንም ሕያው ነገር በማያሳልፍ 0.45 ማይክሮን ወንፊት ያጠልለዋል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሁሉም የተፈቀደ ነው። ነገር ግን የዓመቱ ዝናብና ፀሐይ፣ የመሬቱም ጠባይ ከውስጡ ወጥቷል። ገበሬው በአብዛኛው ወይኑን እስከ ፀደይ ድረስ አተላው ላይ ያቆየዋል። የሞተው እርሾ ለወይኑ ውፍረት ይሰጠዋል፤ ከአየርም ይጠብቀዋል። የ2021 ቀዝቃዛ ዓመትና የ2022 ሞቃት ዓመት ወይን ከአንድ ማሳ ገዝታችሁ ብትቀምሱ ሁለት የተለያየ ሰው የጠመቀው ይመስላል። እኔ ለዚህ ነው ለገበሬ ወይን የምቆመው።

መልስ፦ ኪው አር አንባቢ

ከላይ ካለው ላይ አንድ ልጨምር። ከታኅሣሥ 8 ቀን 2023 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በኋላ የተመረተ ወይን በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ንጥረ ነገሩን መግለጽ ግዴታው ነው፤ ብዙዎቹ ጀርባው ላይ ባለው ኪው አር ኮድ ያሳያሉ። የ2024 ወይን ከገዛችሁ ስልካችሁን ደግኑበት። «ወይን፣ ሰልፋይት» (ሰልፋይት ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነው) ብሎ የሚያበቃ ዝርዝር አለ። አሲድ ማስተካከያ፣ ማረጊያ ሙጫ፣ ተጣርቶ የወፈረ የወይን ጭማቂ፣ ዲሜቲል ዳይካርቦኔት የተባለ ማቆያ እያለ የሚረዝምም አለ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን እዚያው የምግብ ይዘት ሰንጠረዡ ላይ ያለው የስኳር መጠን ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 1.2 ግራም ካለ በሊትር 12 ግራም ነው፤ ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነ) ከሚባለው ድንበር አልፏል። ድራይ ለመባል እስከ 4 ግራም፣ አሲዱ በቂ ከሆነም እስከ 9 ግራም ነው የሚፈቀደው። ብዙ ርካሽ ቀይ ወይን «ለስላሳ» የሚመስለው በዚህ ስኳር ነው።

ዝርዝሩ የማያሳያችሁም ነገር አለ፦ እርሾ፣ ኢንዛይምና የኦክ ቁርጥራጭ አይጻፉም። ጾም ለሚጠብቁ ደግሞ፣ አንዳንድ ጠማቂ ወይኑን ለማጥራት የእንቁላል ነጭ ወይም ኬዚን የተባለውን የወተት ፕሮቲን ይጠቀማል። ከ0.25 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ከቀረ «እንቁላል» ወይም «ወተት» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ አይጻፍም። ከዓሣ የሚሠራው ማጣሪያ ጭራሽ አይጻፍም። ጥርጣሬ የሌለበት ምልክት «ቪጋን» የሚለው ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ በሸክላ አፈር ወይም በአተር ፕሮቲን የጠራ ነው።

መልስ፦ ሦስት ብርጭቆ

ራስን ስላለማታለል ለተነሣው፦ መድኃኒቱ ሌብሉን መሸፈን ነው፤ አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በመጀመሪያ የሚነጻጸሩት ነገሮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አንድ የወይን ዝርያ፣ አንድ አካባቢ፣ አንድ ዓመት ይሁን። ለነጭ ፋልትስ ወይም ራይንጋው ከሚባሉት የጀርመን የወይን አገሮች ድራይ ሪዝሊንግ ምረጥ፤ በአብዛኛው ኦክ ስለማይነካው የሚሸፍንበት ነገር የለም። ለቀይ ቦዦሌ የሚባለው የፈረንሳይ ወይን ጥሩ ነው፦ አንዱን ከትልቅ ነጋዴ ቤት፣ አንዱን ደግሞ ሞርጎን ወይም ፍለሪ ከሚባሉት መንደሮች ገበሬ ያሸገውን ውሰድ። ሁለቱም ጋሜ ከሚባለው ወይን ነው የሚጠመቁት። በብዛት የሚመረተው ብዙ ጊዜ ወይኑ ሳይፈላ በፊት እስከ 70 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ቀለሙ ቶሎ እንዲወጣ ነው። ቀጥሎ 71ቢ የተባለ እርሾ ይጨመርበታል፤ ይህ እርሾ የሙዝና የከረሜላ ሽታ ይሰጣል። ብርጭቆውን አፍንጫህ ላይ አድርገህ ሙዝ ከሸተተህ የወይኑ ሳይሆን የአሠራሩ ሽታ ነው።

ሁለቱን ጠርሙሶች እኩል የሙቀት መጠን ላይ አድርግ። ነጩ 10 ዲግሪ፣ ቦዦሌው 14 ዲግሪ አካባቢ። ቀዩን ከክፍል ሙቀት አንሥተህ ከአንድ ሰዓት በላይ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባው፤ ነጩን ከማቀዝቀዣ 20 ደቂቃ ቀደም ብለህ አውጣው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጣም የቀዘቀዘ ወይን ሽታው ይታፈናል፤ ጥሩውም ተራውም እኩል ይሆናሉ። ርካሽ ነጭ ወይን በበረዶ የሚጠጣውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ሌላ ሰው ሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆ ያዘጋጅልህ፤ ሁለቱ ውስጥ አንዱን ወይን፣ ሦስተኛው ውስጥ ሌላኛውን፣ እያንዳንዳቸው 50 ሚሊ ሊትር። አንተ የምትመልሰው ልዩ የሆነው የትኛው ነው የሚለውን ብቻ ነው። የቱ ይሻላል የሚለው ገና ነው። በዘፈቀደ ብትገምት ከሦስት አንዱን ታገኛለህ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ማግኘት ምንም አያረጋግጥም። ቅደም ተከተሉን እየቀያየራችሁ 6 ጊዜ ሞክሩ። 5 ጊዜ ካገኘኸው ልዩነቱ በእርግጥ ይታወቅሃል ማለት ነው። ካላገኘኸው ለ7 ዩሮው አትዘን፤ 3 ዩሮውን ግዛ።

ልዩነቱን ለይተህ ከሆነ ነው የሚጣፍጠው ማን ነው ወደሚለው የምትሄደው። ከዋጥክ በኋላ ጣዕሙ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ቁጠር። ብርጭቆው ውስጥ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመህ ሽተት። ቀሪውን ከድነህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው፤ በማግሥቱ ቅመሰው። በእርሾና በስኳር የተሠራ ሽታ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ደምቆ ከዚያ ይጠፋል። በደንብ የበሰለ ወይን ግን ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ማይን ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። አንድ ነገር ላክል። የገበሬውን ወይን ስከፍት የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ ወጣ። ሥሩ ላይም እንደ ስኳር ያለ ጠጣር ነገር አለ። ተበላሽቷል? ደግሞ የትንሽ እርሻ ወይን ሰልፋይት ስለሌለው ራስ አያሳምምም የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ ጓዳ ጠባቂ

ጠጣሩ ጉድለት አይደለም። ወይኑ ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ ከፖታሲየም ጋር ሆኖ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ጨው ነው። ትልልቅ ማሸጊያዎች ከዜሮ በታች እስከ 4 ዲግሪ አቀዝቅዘው ቀድመው ያወጡታል፤ ገበሬው ብዙ ጊዜ ይተወዋል። ጠርሙሱን አቁመህ አቆየው፤ ቀስ ብለህ ቅዳ፤ የመጨረሻውን ጣት ያህል ተወው።

የእንቁላሉ ሽታ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። እርሾው ሲፈላ ምግብ አንሶት ወይም ወይኑ አተላው ላይ አየር ሳያገኝ ቆይቶ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ይድናል፦ ሰፊ ጆግ ውስጥ ከከፍታ ገልብጠው፣ አናውጠው፣ 30 ደቂቃ ተወው። ለመለየት ከፈለግክ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ቅዳና የታጠበ ባለ 5 ሳንቲም ዩሮ ጣልበት፤ ሽፋኑ መዳብ ነው። ለአንድ ደቂቃ አሽከርክረህ ሽታው ከጠፋ ችግሩ ይኸው ነው። ያንን ብርጭቆ ድፋው፤ ቀሪውን በጆግ አስተንፍሰህ ጠጣ።

የማይድኑትን ግን እወቃቸው። እርጥብ ካርቶንና ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ቡሹ ነው ያበላሸው፤ አየር ሲያገኝ ይብሳል፤ ወደ ሱቁ መልሰው። የፈረስ ጋጣ የሚሸተው ብሬታኖማይሲስ ከተባለ እርሾ ነው፤ ጥቂቱን የሚወዱ አሉ፤ ሲበዛ ግን ፍሬውን ሁሉ ይውጠዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና አቼቶ የሚሸት ከሆነ የአሲድ ባክቴሪያ ገብቶበታል። በጣም አሳሳቹ ምንም ሽታ ሳይኖረው ከዋጡት በኋላ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ቆይቶ የአይጥ ጎጆ የሚመስል ጣዕም የሚተወው ነው። ወይኑ አሲድ ስለሆነ ሽታው ታፍኖ ይቆይና ምራቅ ሲያለዝበው ይወጣል። ይህ ያለ ሰልፋይት በሚሠሩ ወይኖች ላይ ይበዛል። ትንሽ እርሻ ስለሆነ ብቻ ይህን እየታገሡ መጠጣት አያስፈልግም። በእጅ መሠራቱ ለንጽሕና ጉድለት ይቅርታ አያስገኝም።

ስለ ሰልፋይት የሰማኸው ትክክል አይደለም። እርሾው ራሱ ጥቂት ስለሚያመነጭ ፈጽሞ ነጻ የሆነ ወይን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ካለ መጻፍ አለበት። በአውሮፓ ለድራይ ቀይ 150፣ ለድራይ ነጭ 200 ሚሊ ግራም ይፈቀዳል። ራስ ያማል ተብሎ የሚታማው ቀይ ወይን ነው፤ የበለጠ ሰልፋይት የሚፈቀደው ግን ለነጩ ነው። አስም ያለበት ሰው መጠንቀቅ አለበት፤ የራስ ምታቱ መንስኤ ሰልፋይት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

አቀማመጡንም ተጠንቀቅ። ወንፊት ያላለፈ ወይን ውስጡ ሕያው እርሾ ሊኖር ይችላል፤ ስኳር ከቀረበትና በበጋ መኪና ውስጥ ከዋለ ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ይፈላል። ከ15 ዲግሪ በታች፣ ከብርሃን ራቅ አድርገህ አስቀምጠው።

መልስ፦ ፖቶማክ ማዶ

አሜሪካ ላለን ሰዎች ቃላቱ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ልጨምር። «ኤስቴት ቦትልድ» ካለ ወይኑ መቶ በመቶ ቤቱ ከያዘው ወይም ከሚቆጣጠረው ማሳ ነው፤ ማሳውና ጓዳው አንድ የወይን ወረዳ ውስጥ ናቸው፤ ከመጭመቅ እስከ ማሸግ እዚያው ነው የተሠራው። «ፕሮዲውስድ ኤንድ ቦትልድ ባይ» ቢያንስ 75 በመቶውን ራሱ አፍልቶታል ማለት ነው፤ ወይኑን ግን ገዝቶት ሊሆን ይችላል። «ሴላርድ» ወይም «ቪንትድ» ካለ ያፈላው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የማሳ ስም ከተጻፈ 95 በመቶው ከዚያ ማሳ መሆን አለበት። የፌዴራሉ ቲ ቲ ቢ መሥሪያ ቤት የሌብል ፈቃዶችን ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ የምርቱን ስም ስትፈልጉ ፈቃዱን የጠየቀው ድርጅት ይወጣል። የቤተሰብ ስም የሚመስሉ ብዙ ሌብሎች ከአንድ ድርጅት እንደሚወጡ እዚያ ታያላችሁ። ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሞንቲሴሎ ወረዳ ያሉትን ትንንሽ ቤቶች ሞክሩ፤ ካበርኔ ፍራንክ የሚባለው ቀይ ወይናቸው ለጥብስ ይሆናል።

መልስ፦ ዳገት ላይ

ዶሮ ወጡ ሳይመለስ እንዳይቀር። በርበሬ ላይ አልኮል ሲበዛ ቃጠሎው ይብሳል፤ ምላስ የሚያደርቀው ታኒንም እንዲሁ። 14.5 በመቶ የሆነ በኦክ የቆየ ቀይ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ሁለቱም ይጎዳሉ። ከሞዝል «ካቢኔት» የሚል ሪዝሊንግ ፈልግ፤ ድራይ ያልሆነውን። አልኮሉ 8 ወይም 9 በመቶ ነው፤ ጣፋጭነቱ በርበሬውን ያበርዳል፤ ኮምጣጣነቱ ቅቤውን ያጥባል። በ8 ዲግሪ አቅርበው። ቀይ ካልሆነ ለሚል እንግዳ ቦዦሌውን በ13 ዲግሪ አቅርብለት።

አንተ ደግሞ ፍራንክፈርት ነህና ራይንጋውና ራይንሄሰን በባቡር ቅርብህ ናቸው። «ሽትራውስቪርትሻፍት» የሚባል ነገር አለ፦ ገበሬው በዓመት እስከ 4 ወር፣ ቢበዛ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ ከ40 በማይበልጥ መቀመጫ የራሱን ወይን ያለ ልዩ ፈቃድ በቤቱ መሸጥ ይችላል። ክፍት መሆኑን ለማሳወቅ በሩ ላይ ቅጠል ያሰረ ዘንግ ይሰቅላል፤ አገር ቤት ጠላ ቤት ጣሳ ሰቅሎ እንደሚያሳውቀው ማለት ነው። የአንዱን ማሳ የሁለት ዓመት ወይን ጎን ለጎን እንዲቀዱልህ ጠይቃቸው፤ የትኛው ዳገት ላይ እንደበቀለም በጣታቸው ያሳዩሃል።